በአንድ ዓይን የተሣለው

ፍልሰታ ሲገባ ደብረ ታቦር ውስጥ ሌባም ይጾማል እያሉ ይቀልዳሉ። ኢንስፔክተር ብርቱካንም ቀልዱን ትወደው ነበር። ዘንድሮ ግን፣ ቡሄ ሊደርስ ሲል በአንድ ጭጋጋማ ጠዋት፣ በጭቃው እየተንሸራተተች ወደ ሥዕል ሙዚየሙ ኮረብታ ስትወጣ፣ ከከተማው አንዱ ጾሙን ገድፏል ማለት ነው ብላ አሰበች።

የሙዚየሙ የጥናት ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ከትልቁ አዳራሽ ጀርባ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ሠራተኛው በአጭሩ መዝገብ ቤት ይለዋል። የአገሩ ሠዓሊዎች ንድፍ፣ ያረጀ ፎቶግራፍ፣ በአደራ የመጣ ሥዕል ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የክፍሉ ኃላፊ እመቤት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ጠዋት ስከፍተው እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ" አለች።

መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መሬቱ በወረቀት ተሞልቷል፤ የገበያ ፎቶግራፍ፣ የጋፋት መድፍ ማቅለጫ ንድፍ፣ የድሮ ካርታ ቅጂ፣ ሁሉም እንደ ገለባ ተበትኗል። ረጅሙ የንባብ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሌሎች ፋይሎች ተደራርበው፣ ከመስኮቱ በተነቀለ መጋረጃ ተሸፍነዋል።

"ይህን አንቺ ነሽ የሸፈንሽው?"

"ኧረ እኔ አንድም ነገር አልነካሁም።"

"የጠፋውስ?"

እመቤት ወደ ላይኛው መደርደሪያ ጠቆመች። ባዶ ነበር። "የአለቃ ገሰሰ ብራና። ከነማኅደሩ።"

አለቃ ገሰሰ ከጣልያን ጊዜ በኋላ በዚህ አገር ስማቸው የገነነ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። በጋፋት በኩል ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ምሴተ ሐሙስን፣ ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ማዕድ የተቀመጠበትን ሥዕል ሥለው ነበር። ያችን ቤተ ክርስቲያን መብረቅ አቃጠላት፤ ከሥዕሉ የተረፈው የንድፉ ብራና ብቻ ነው። ልጃቸው እማሆይ በለጠች ብራናውን በቆዳ ማኅደሩ እንዳለ ለሙዚየሙ ሲሰጡ አንድ ቃል አስገብተዋል፤ በደብረ ታቦር በዓል ዕለት፣ ካህን ጸሎት አድርሶ፣ ሕዝብ ባለበት ካልሆነ እንዳይገለጥ። ስለዚህ በሙዚየሙ ውስጥ ብራናውን በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም።

ዳይሬክተሩ አቶ ፋሲል እየተጣደፈ ገባ። ለበዓሉ ያሰፋው ካባ እጁ ላይ ነበር።

"ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ግልጽ አይደለም እንዴ? በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ የምትይዘው እሷ ናት።"

"መስኮቱስ?"

"እሱማ ለማስመሰል ነው!"

ብርቱካን በመስኮቱ ደፍ ላይ ጣቷን አሳለፈች። ትናንት ከሰዓት ዝናቡ ከተማውን ሲያጥብ ነው የዋለው። ከመስኮቱ ሥር ያለው መሬት ጉልበት ድረስ ያሰምጣል፤ ደፉ ላይ ግን ውሃ እንጂ ጭቃ የሚባል የለም። በዚህ የገባ ሰው ክንፍ ያስፈልገው ነበር። ነገሩ ቅር ቢላትም ዳይሬክተሩ ልክ ነበር፤ ሌባው የገባው በበሩ ነው።

"እስከ በዓሉ ካልተገኘ እሷን አስራችሁ መመርመር ይኖርባችኋል" አለ አቶ ፋሲል። "እንግዳ ጠርቻለሁ። ምን ልላቸው ነው?"

እመቤት እሱ እስኪወጣ ጠበቀች። "ትናንት ከሰዓት ልጄን ይዤ ቅዳሴ ነበርሁ። አብረን ቆርበናል፤ ሰው ሁሉ አይቶናል። ቁልፉን ልጅ ታቅፌ እንዳይጠፋብኝ ለዘበኛው ለጋሽ በላይነህ ሰጠሁት።" ነጠላዋን አስተካከለች። "መታሰሩስ ይሁን። ልጄን ግን በሰፈሩ 'የሌባ ልጅ' ሊሏት ነው።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጋሽ በላይነህ ያን ዕለት ጠዋት አጥሩን እንደ ጦር ግንባር ይጠብቁ ነበር። አትክልተኛውን እንኳ መታወቂያ ጠይቀዋል።

"ትናንት ከሰዓት ከዚህ ንቅንቅ አላልሁም" አሉ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ። "ንቅንቅ!"

"ጎበዝ ነዎት። እኔማ ቅዳሴው አመለጠኝ። ስብከቱ መልካም ነበር አሉ።"

"መልካም ብቻ! ቄሱ ስለ ታቦር ተራራ ሲናገሩ እኮ ዝናቡ ራሱ ጸጥ..." ጋሽ በላይነህ አፋቸውን ያዙ።

ብርቱካን ሳቋን ዋጠች። ሽማግሌው ዱላቸውን አስቀምጠው ቁጭ አሉ። ስለት ነበረባቸው፤ ጉልበቴን ብታሽሪልኝ የፍልሰታን ቅዳሴ አላስታጉልም ብለው ለእመቤታችን ተስለዋል። ሙዚየሙ በጾሙ ሳምንታት ከሰዓት ይዘጋል፤ ሰው የለም ብለው ቁልፉን ዘበኛ ቤቱ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅለው ሄዱ።

"ምስማሩን የሚያውቅ ማን ነው?"

"ሠራተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ግን ልጄ፣ ሠራተኛው ሁሉ ቅዳሴ ነበር። ከተማው ሁሉ ቅዳሴ ነበር።"

ችግሩም ይኸው ነበር። ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል፣ ሁሉም ነጭ ለብሶ በተጨናነቀበት ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብሎ የሚምል አይገኝም። ደብረ ታቦር በሙሉ አንድ ዓይነት ምስክር ነበረው።

ወደ መዝገብ ቤቱ ስትመለስ መምህር ዓለምነውን መስኮቱ አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያለ ደመወዝ መጥተው ፋይሉን በየመልኩ የሚያደራጁት እሳቸው ናቸው። ብርቱካንን ታሪክ አስተምረዋታል። ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ነበር የሚያስተምሩት፤ ስለዚህ ከሳቸው ተማሪው የሚያስታውሰው ጎናቸውን ነው። ከግንባር ቀጥ ብላ ወርዳ ጫፏ ላይ የምትታጠፍ አፍንጫ ነበረቻቸው፤ ተማሪው በድብቅ "ንሥሩ" ይላቸው ነበር። አሁንም ጎናቸውን ሰጥተው ውጭውን ያያሉ።

"መምህር፣ እንደምን አሉ? ለሥራዬ ያህል ልጠይቅዎ፤ ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?"

"ከፍልሰታ ቅዳሴ የሚቀር ሰው አለ እንዴ ልጄ?"

"የለም" አለች ፈገግ ብላ።

"እመቤት አላደረገችውም። ይህን እወቂ።"

"በምን አወቁ?"

"ልጅቷን አውቃታለሁ።"

"ምንጩን ሳታዩ አትፍረዱ ይሉን የነበሩት እርስዎ አይደሉም?"

መምህሩ አልሳቁም። "ብዬ ነበር" አሉና የተበተነውን መሰብሰብ ጀመሩ።

ከቀትር በፊት ብርቱካን አንድ ስም አገኘች። የዩኒቨርሲቲው መምህር አንዱአምላክ ብራናው ቀድሞ ይከፈትልኝ፣ ፎቶ ላንሳው ብሎ ከእመቤት ጋር ተጨቃጭቆ ነበር። ትናንት ማምሻውን ደግሞ ረጅም የካርቶን ቱቦ በብብቱ ይዞ ሚኒባስ ሲሳፈር ታይቷል። ሲደወልለት ሐሙሲት ከተማ ዘመድ ቤት ማደሩን ተናገረና ነገሩ የቀለለ መሰለ። ብርቱካን በፖሊስ መኪና ወረደች።

በሐሙሲት የገበያ ቀን ነበር። አንዱአምላክን በበሬና በበግ መካከል ቆሞ፣ ቱቦውን እንደ ሕፃን አቅፎት አገኘችው።

"ይክፈቱት" አለችው።

ተከፈተ። ተጠቅልሎ የወጣው የአንድ ጎረምሳ ምስል ነው፤ ጥቁር ካባና ቆብ አድርጎ፣ ጥርሱን አሳይቶ፣ ከታች "እንኳን ደስ አለህ" የሚል ተጽፎበታል።

"የአክስቴ ልጅ ምርቃት ነው" አለ አንዱአምላክ። በግ ነጋዴዎቹ ሳቁ። "ኢንስፔክተር፣ እኔ ያንን ብራና ማየት እንጂ መስረቅ ምን ያደርግልኛል? በተሰረቀ ሥዕል ላይ የጻፍሁትን ማን ያትምልኛል?"

"ታዲያ ማን ይፈልገዋል? ነጋዴ? ከብራናው በቀር የጠፋ ነገር የለም።"

"ነጋዴ ቢሆንማ እዚያው ክፍል ካሉት የድሮ የማርያም ሥዕሎች አንዱን እንኳ ባልተወ ነበር። ሌባው ያላየውን ብራና ወስዶ ያየውን ትቷል። እኔ ብሆን የሰጡትን እማሆይ እጠይቃለሁ፤ ለምን በሕዝብ ፊት ይገለጥ አሉ?"

ብርቱካን መኪና ውስጥ ገብታ እያለች ጠረጴዛው ትዝ አላት። ለእመቤት ደወለች።

"መጋረጃ የለበሱት ፋይሎች ውስጥ ምንድን ነው ያለው?"

"ቅዱሳት ሥዕሎች ናቸው። ጊዮርጊስ፣ ኪዳነ ምሕረት..."

"መሬት የተጣሉትስ?"

"ዓለማዊው ነው። ፎቶ፣ ካርታ።" እመቤትም አሁን ገና አስተዋለችው።

"ፋይሎቹ ላይ ይህ ይህ ነው የሚል ጽሑፍ አለ?"

"ቁጥር ብቻ ነው ያለው። የተሸፈኑት ደግሞ ማሰሪያቸው እንኳ አልተፈታም።"

"ሳይከፍት በቁጥሩ ብቻ የሚለያቸው ማን ነው?"

"እኔ" አለች እመቤት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እና መምህር ዓለምነው።"

ብርቱካን ስልኩን ዘጋች። ሌባው የውጭ ሰው ለመምሰል ቤቱን መበተን ነበረበት፤ ቅዱስ ሥዕል መሬት ላይ መጣል ግን እጁ እሺ አላለውም። እንዲያውም ከተከፈተው መስኮት የሚገባው ዝናብ እንዳያበሰብሳቸው ሸፈናቸው። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ሌባ ከዚህ አገር በቀር የት ይገኛል?

ጋሽ በላይነህ ጠዋት በጥያቄ እንዴት እንደተያዙ አስታወሰችና መምህሯ የሰጧትን መልስ ደግማ ሰማችው። ከፍልሰታ ቅዳሴ የሚቀር ሰው አለ እንዴ? ነበርሁ አላሉም።

አቶ ፋሲል በስልክ ሲሰማ ግን የገባው ሌላ ነው። "አላልኩም? ቁጥሩን የምታውቅ እሷ!"

"ስትቆርብ ሰው አይቷታል።"

"ቁልፉን ሆን ብላ ለግብረ አበሯ ትታለት ቢሆንስ?"

ብርቱካን ስልኩን ዘጋች። ወደ ጋፋት የሚወስደውን መገንጠያ ለሹፌሩ አሳየችው።

እማሆይ በለጠች ከገብስ ማሳ ዳር ባለች ጎጆ ይኖራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን የሚያመልጠው የለም።

"ጾም ባይሆን አንድ ነገር በቀመስሽ ነበር። ነይ ተቀመጭ።" ነገሩን ከሰሙ በኋላ አማተቡ። "ተሰረቀ? አዬ ጉድ! በዚያ ሰው ምክንያት ይሆናል።"

"ማን?"

"ስሙን አልነግርሽም። እንዲያው ነው ያመለጠኝ። ልጅ ልጆቹ በሕይወት አሉ፤ ኃጢአት ነው።"

"እማሆይ፣ አንዲት ንጹሕ ሴት ልትታሰር ነው። ልጅ አላት።"

አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን ያዙ።

"ሥዕል ላይ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በአንድ ዓይን እንደሚሣል ታውቂያለሽ። በጣልያን ጊዜ አጎቴ አርበኛ ነበር። ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ሳለ አንዱ ለጣልያን ጠቆመውና ተሰቀለ። አባቴ አንድ ጎረቤቱን ጠረጠረ። ጠረጠረ እንጂ አላየም። ጣልያን ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሲሥል የአስቆሮቱን ይሁዳ በዚያ ሰው መልክ ሣለው። አንድ ዓይን፣ አፍንጫው ቁጭ! ሕዝቡ ገና ሲያየው አወቀው። ከዚያ በኋላ ማን ልጁን ይስጠው? ማን ከልጆቹ ጋር ይጫወት? አገር ጥለው ሄዱ።"

"ብራናው ላይ ያለውም ያው ፊት ነው?"

"እሱማ ነው። አባቴ ሲያረጅ ግን አንድ ቀን ሊሞት ያለ ሰው አስጠራው። ሄዶ ሲመለስ እህል አልቀመሰም። በማግሥቱ 'መርፌና ክር አምጪ' አለኝ። ብራናው ተቀድዶ የሚጠግን መሰለኝ። ሰፍቶ ሲጨርስ ማኅደሩ ውስጥ ከቶ፣ 'እኔ ካለፍሁ በኋላ በደብረ ታቦር ዕለት ካልሆነ እንዳይገለጥ' አለ። ለምን ብለው፣ 'ሕዝብ ያየው በሕዝብ ፊት ነው' ብቻ ነው ያለኝ። ይዤው ኖርሁ፤ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቤት ሲሠራ ሰጠሁ።"

ብርቱካን ተነሥታ ስትሳለማቸው፣ "ያ አፍንጫ" አለች፣ "ከግንባር ቀጥ ብሎ ወርዶ ጫፉ ላይ የሚታጠፍ ነው?"

እማሆይ አልመለሱም። መቁጠሪያው ግን እጃቸው ላይ ቆመ።

የመምህር ዓለምነው ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ስትገባ ፊታቸውን አላዞሩም።

"መምህር፣ ጠዋት ስጠይቅዎ አልዋሹኝም።"

"አልዋሸሁም።"

"ግን አልመለሱልኝም።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

"ብራናው እንዳልተቃጠለ አውቃለሁ" አለች። "የቅዱሳንን ሥዕል መሬት ላይ መጣል ያቃተው እጅ ጌታ ያለበትን ብራና እሳት ውስጥ አይከትም።"

"ይሁዳን ላቃጥል ብል ጌታንም አብሬ ማቃጠሌ ነው" አሉ መምህሩ። "ሞከርሁ። ክብሪቱን እንኳ መጫር አልቻልሁም።" ከዚያ ወዲያ ቃሉ ራሱ ወጣ። "ያ በይሁዳ መልክ የተሣለው ሰው፣ እሸቴ፣ አያቴ ነው። አገር ጥለን ሳንሄድ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን እገባ ነበር። ልጆቹ ግድግዳውን ያዩና ዞረው እኔን ያያሉ። 'የይሁዳ ልጅ!' እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነኝ ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የኛ ስም ግድግዳ ላይ ነበር። መብረቁ ሲያቃጥለው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አሁን እንደ ገና በሕዝብ ፊት ሊገለጥ! ዳይሬክተሩ ደግሞ በትልቁ አሳትሞ በር ላይ ሊሰቅለው!"

"አያትዎ ጠቁመው ነበር?"

"ዕድሜዬን ሙሉ ፈለግሁ። አዎም አይደለምም የሚል አጣሁ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው አትይም? የሰውን ሁሉ ታሪክ አስተምሬ የራሴን አያት አላውቀውም።"

"እመቤት ስትከሰስ ዝም አሉ።"

"በዓሉ እስኪያልፍ ብቻ ነበር። ከዚያ ራሴ..."

"ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? መታሰሩስ ይሁን፣ ልጄን 'የሌባ ልጅ' ሊሏት ነው አለችኝ።"

መምህር ዓለምነው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። በኋላ ወንበር ላይ ወጡና ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጫፍ፣ ከሰው ራስ ሁሉ በላይ፣ በአዲስ ነጠላ የተጠቀለለውን ማኅደር አወረዱ። ብርቱካን በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ ፖሊስነቷንም ረስታ ተሳለመችው።

"ገልጠው አይተውታል?"

"አልደፈርሁም።"

መርፌና ክር የሚለው ነገር ከጋፋት ጀምሮ እንደ እሾህ ወግቷት ነበር። ትርጉሙን ግን አታውቀውም፤ የማታውቀውን ተስፋ ደግሞ ለተጎዳ ሰው መስጠት አልፈለገችም።

"ቃልዎን ጣቢያ ይሰጣሉ" አለች። "በበዓሉ ዕለት ግን ሲገለጥ ከእኔ ጋር ሆነው ያያሉ።"

"ለምን? ሕዝብ ፊት እንድዋረድ?"

"ምንጩን ሳታዩ አትፍረዱ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

የደብረ ታቦር ዕለት ጠዋት ሰማዩ ለጥቂት ጊዜ ጠራ። ከታች ከሰፈሩ የጅራፍ ጩኸት ይሰማል። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ አቶ ፋሲል ካባውን ደርቧል፤ እማሆይ በለጠች ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ማኅደሩ መገኘቱን እንጂ ማን እንደወሰደው ጣቢያው ገና አልተናገረም፤ ስለዚህ እመቤት ልጇን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ስትቆም ከአጠገቧ ያሉት ትንሽ ራቅ አሉ። መምህር ዓለምነው ከኋላ፣ ከብርቱካን አጠገብ፣ ጎናቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ቆመዋል።

ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው ማኅደሩን ፈቱ። ብራናው በጠረጴዛው ላይ ቀስ ተብሎ ተዘረጋ። ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ።

ማዕዱ ነበር፤ ጌታ በመካከል፣ ደቀ መዛሙርቱ በግራና በቀኝ። ቄሱ በጣታቸው እየተከተሉ ሄደው ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ምነው፣ ይሁዳ የታለ?"

በይሁዳ ቦታ ላይ ትንሽ የብራና መጣፊያ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። በመጣፊያው ላይ አንድ ሰው አለ፤ አፍንጫው ያው አፍንጫ ነው። ፊቱ ግን ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይን አለው፣ በራሱ ዙሪያም እንደ ሌሎቹ ብርሃን ተሥሎለታል። እጁ ላይ የነበረው የብር ከረጢት ተፍቆ ቦታው ነጥቷል። በአለቃ ገሰሰ ማዕድ ላይ ይሁዳ የሚባል ሰው አልነበረም።

እማሆይ በለጠች ተደግፈው ተጠጉና በጣታቸው ጫፍ ስፌቱን ዳሰሱት። "ለካ ያ ሊሞት ያለ ሰው እውነቱን ነግሮት የሰፋው ይህን ነው" አሉ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ስሙን እስከ ዛሬ አልጠራሁም። አሁን ልጥራው። ይህ ሰው እሸቴ ነው። አባቴ በሐሰት ፈርዶበት ነበር፤ በሕዝብ ፊት የሣለውን ዛሬ በሕዝብ ፊት ፍቆታል። የእሸቴ ዘር ከዚህ ካለ አባቴን ይቅር ይበለው።"

ብርቱካን መምህሯን ለማየት አልደፈረችም። የእግራቸውን ኮቴ ግን ሰማች፤ ሕዝቡን እየከፈሉ ወደ ፊት ሄዱ። ብራናው ዘንድ ደርሰው አዩት፣ ሰገዱ፣ ተነሡ። ቀጥሎም ዞሩ። ብርቱካን ያን ሁሉ የትምህርት ዘመን ፊታቸውን ከፊት ለፊት በደንብ አይታው እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት። ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንባ ሞልተዋል።

"የእሸቴ የልጅ ልጅ እኔ ነኝ" አሉ። "እማሆይ፣ ይቅር ብያለሁ። አሁን ደግሞ እኔን ይቅር በሉኝ። ይህን ብራና የሰረቅሁት እኔ ነኝ። እመቤት ምንም አላጠፋችም። ልጅዋንም ማንም ክፉ ስም እንዳይጠራት።"

ከእመቤት ርቀው የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ መጠጋት ጀመሩ። አንዲት ሴት ልጅቷን ተቀብላ ታቀፈቻት፣ እናትየው ፊቷን እንድትጠርግ።

መምህር ዓለምነው ወደ ብርቱካን ተመልሰው መጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ካቴናውን አላወጣችም። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ክንዳቸውን ደግፋ ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ።